የጫማው ነገር

እንዳሻው የጦር መርከብ መካኒክ ነው። መርከቧ በተገጠመላት መሣሪያ ውስጧን ስታዳምጥ ትውላለች፤ የትኛው ፓምፕ፣ የትኛው ኩሽኔታ እንደሚበላሽ ከወር በፊት ታውቃለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የመርከበኞቿን ልብ ማዳመጥ ጀምራለች። የማን ልብ ሊቆም እንደተቃረበ ብታውቅም ግን ለራሱ ለሰውየው አትነግረውም። ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም ተብሎ፣ መልእክቱ የሚላከው ለቤተሰቡ ነው።

ዛሬ ከሰዓት እንዳሻው ከወደብ ተመልሶ፣ ግራሶ የጠጣ ጫማውን እንደ ልማዱ ምንጣፉ ላይ አወለቀ። ባለቤቱ ስንዱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ጫማ ስትጮህበት ኖራለች። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን መርከብ አደረግኸው!» ትለዋለች ሁልጊዜ።

ዛሬ ግን ጎንበስ ብላ አነሳችለት። በጨርቅ ወልውላ በሩ ሥር አስቀመጠችለት።

«ደክሞሃል፤ አረፍ በል» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ።

መልእክቱ እንደደረሳት ያኔ ገባው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስንዱዬ፣ ምንጣፉን እኮ አበላሸሁት።»

«ምን ችግር አለው፤ ይታጠባል።»

«ተይ እንጂ፣ እንደ ድሮሽ ተቆጪኝ።»

ስንዱ ጨርቁን እንደያዘች ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን…» ብላ ጀመረች፤ መርከብ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ከዳት።