የዓሦቹ መብራት

«እህቴ፣ ብርሃኑ በዝቶባቸው ነው የሚደበቁት፤ ቀንሺላቸው» ብሏት ነበር ልጅቱን የገንዳ ዓሦቹን የሸጠላት ሰው። እናቷ ከቤት መውጣት ካቆመች ወዲህ መጫወቻዋ እነዚያ ዓሦች ናቸው። እግሯ ቢከዳትም ዓይኗ ገና ደህና ነው፤ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች።

ልጅቱ በቀትር፣ ፀሐይ በመስኮት በሚገባበት ሳሎን፣ ከዓሦቹ የመስታወት ገንዳ ጎን ተንበርክካ የመብራቱን ማዞሪያ ዝቅ አደረገችው።

«መጋረጃውን ዘጋሽው እንዴ?» አለች እናቷ ከወንበሯ።

«ኧረ እማዬ፣ ፀሐዩ አፍንጫሽ ላይ ነው!»

«አፍንጫዬን ማን ጠየቀሽ? ዓይኔን ነው የምልሽ።»

ልጅቱ ሳቀች። እናቷ ስትቀልድ ፊቷን ኮስተር ማድረግ ልማዷ ነው። ማዞሪያውን አሁንም ዝቅ ስታደርገው ቀያዮቹ ዓሦች ከድንጋዩ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ደስ ብሏት ጭራሽ አደበዘዘችው።

«እያቸው እማዬ፣ ወጡልሽ!»

እናቷ ግን ጠረጴዛውን ትዳብስ ነበር። ፀሐይ ያረፈበትን የውሃ ብርጭቆ በእጇ ገፍታ ደፋችው።

ልጅቱ ማዞሪያውን በጥድፊያ ወደ ላይ መለሰችው።

«አሁንስ እማዬ?»

«ጨለማ ነው ልጄ።»

እስከ መጨረሻው አዞረችው። ገንዳው ወለል ብሎ በራ። እጇን ውሃው ውስጥ ከትታ ድንጋዩን አነሳችው። አንድም ዓሣ የለም።

«በናትሽ እማዬ፣ ምንም አይታይሽም?»

እናቷ ፊቷን ወደ ልጇ ድምፅ አዞረች።

«ዓሦቹ ብቻ» አለች ቀስ ብላ። «አትንቀሳቀሺ። ፀጉርሽ ውስጥ እየገቡ ነው።»

አንድ ቀዝቃዛ ጠብታ በልጅቱ ማጅራት ቁልቁል ወረደ።