ሰማዕቱ አይነቃነቅም

ቶርኳቶ የሰውየውን ጭንቅላት ይዞ ከድንጋዩ ደረጃ ጋር ሁለት ጊዜ አጋጨው። የእህቱ ባል ኤቫሪስቶ እግሩን ተጫነለት።

“ማነው የላከህ?”

“ማንም” አለ እንግዳው፣ አፉ ደም ሞልቶ። “አገር ለማየት ነው የመጣሁት።”

“በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ ዳገት?” አለ ኤቫሪስቶ። “እግሬን በልቶኝ ነው በለኛ።”

ሰውየው ሦስት ቀን ከተማዋን ሲዞር ነበር። ግንቡ ላይ ይወጣል፣ ሐይቁን ቁልቁል ያያል፣ በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ትናንት ቶርኳቶ ከግንቡ ሥር መረቡን ሲያራግፍ ከላይ ድንጋይ ወርዶ ትከሻውን ተረተረው። ኤቫሪስቶ ከላይ እየሮጠ መጣና፣ “ያ እንግዳ ነው፣ በዓይኔ አየሁት” አለው።

ቶርኳቶ ጠላት ነበረው። ከሐይቁ ማዶ ያሉትን አጥማጆች መረብ ቆራርጧል፤ በጠቡም አንዱ ዓይኑን አጥቷል። ሰው እንልክብሃለን ብለው ዝተውበታል። ኤቫሪስቶ ግን ወገኑ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቶርኳቶ ጠጥቶ ሲቀዝፍ የኤቫሪስቶ ልጅ ከጀልባው ወድቆ በሰጠመ ጊዜ እንኳ ክፉ ቃል አልወጣውም። ከቀብር መልስ አንድ ገበታ ቀርበው ወይን ቀምሰዋል።

እንግዳው ሊነሣ ሞከረ። ቶርኳቶ በጉልበቱ ጥርሱን አረገፈው። ከዚያ ሁለቱ ተሸክመው ከግንቡ ላይ ወደ ገደሉ ወረወሩት። ሰውነቱ ዓለቱን አንዴ መታ፤ ሐይቁ ዋጠው።

“እፎይ” አለ ቶርኳቶ። “አሁን ልተንፍስ።”

“መጀመሪያ ታጠብ። ሸሚዝህ ደም በደም ነው። ሰማዕቱ ዘንድሮ ከቤቱ ታርዶ መጣ ይሉሃል።”

ቀኑ የሰማዕቱ በዓል ነበር። በየዓመቱ የከተማዋ ሰዎች ሰማዕትነቱን አደባባይ ላይ እንደ ሥዕል ቆመው ያሳያሉ። መጋረጃው ተከፍቶ እስኪዘጋ ማንም ጣቱን አያንቀሳቅስም፤ ዓይኑን ያርገበገበ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። ቶርኳቶ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰማዕቱን ሆኖ ቆሟል፤ አንዴም አልተነቃነቀም። የገዳዩን ሚና ዘንድሮ ኤቫሪስቶ ቄሱን ለምኖ ወስዷል።

ከሰዓት በኋላ ኤቫሪስቶ ከምሰሶው ጋር አሰረው።

“ጠበቀብህ?”

“ትንሽ።”

“ይሁን። አምና እንደ ላላ ጆንያ ተንጠልጥለህ ሲያሙህ ነው የከረሙት።”

ከዚያ አፉን በጨርቅ ጠፈረው። ሰማዕቱ እንዳይጸልይ አፉ ታፍኖ ነበርና ወጉ እንደዚያ ነው።

ደወሉ ተደወለ። አደባባዩ ጸጥ አለ። መጋረጃው ሲከፈት የሰይፉ ጫፍ የቶርኳቶን ጎን ነካ። እስከ ዛሬ የእንጨት ነበር፤ የዛሬው ግን ብረት ሆኖ ቀዘቀዘው።

ኤቫሪስቶ ከንፈሩን ሳያላውስ በጆሮው ሹክ አለው፦

“ሰውየው ግንቡን ሊያይ የመጣ መንገደኛ ነበር። ድንጋዩን የለቀቅሁብህ እኔ ነኝ። እንግዲህ እንዳትነቃነቅ፣ ወንድሜ፤ ሰው እያየን ነው።”