በርበሬው ነው

እቴቴ ገበያ መሃል ባለው ሱቃቸው በረንዳ ላይ ሆነው፣ ቻይና የሚማረው ልጃቸው ናሆም ባለፈው ሳምንት በስልክ የላከላቸውን የድምፅ መልእክት ለሦስተኛ ጊዜ ከፈቱት። የጎረቤት ሱቅ ባለቤቷ ማሚቱ ከጎናቸው ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። «እማዬ፣ እዚህ አገር እኮ አውቶቡስ ውስጥ እንኳን ሰው ከሰው አያወራም፤ ጭጭ ነው። ትናንት በርበሬሽን ዘይት ላይ ጣል ባደርገው፣ የዶርሙ ልጆች በሙሉ እያስነጠሱ ደረጃውን ወረዱልሽ!» የናሆም ሳቅ በረንዳውን ሞላው።

ልጁ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ነገ ጎህ ሲቀድ ቤታቸው ሄደው ሊያረዷቸው ተስማምተው፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ጎረቤቱንም የገበያውን ነጋዴም ሁሉ አስጠንቅቀዋል። ማሚቱም ጥርሷን ነክሳ ውላ ነበር። ያን ሳቅ ስትሰማ ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አሉ እቴቴ።

«በርበሬው ነው እቴቴ፤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ።»

እቴቴ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ነጋዴው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ሃያ ዓመት አጠገቤ ስትቀነጥሺ፣ በርበሬ አስለቅሶሽ አያውቅም» አሉና፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱት።