የመስከረም ጭድ

ተረፈች እስከ ግማሽ ድረስ በወረደው የብረት መዝጊያ ስር ጎንበስ ብላ ገባችና ፎቶውን ባንኮኒው ላይ በኃይል አሳረፈችው።

"አክመል! ምን በድዬህ ነው?"

አክመል ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። ጅማ መንገድ ላይ በተቃውሞው የሚቃጠለው ጎማ ሽታ እሷን ተከትሎ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። ከጠዋት ጀምሮ ታክሲም ባጃጅም ስለሌለ ከሰበታ ዓለም ገና ድረስ የመጣችው በእግሯ ነው።

"አዴ ተረፈች፣ ቀስ በይ። መጀመሪያ ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። ይሄን ቁጥር ማን ጻፍ አለህ?"

ጣቷ በፎቶው ጥግ ባለው ብርቱካናማ ጽሑፍ ላይ ነበር፤ 19/01/2006። ፎቶውን ያነሳው አክመል ራሱ ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ አዲስ ካሜራ ገዝቶ በየሰፈሩ ሲዞር። ተረፈችና ሟች ባሏ ደገፋ በአዲሱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ከሚሊኒየሙ በፊት የተሠራ ቤት ይመዘገባል፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ይፈርሳል ተብሏል። ከዚህ ፎቶ ሌላ ማስረጃ የላትም። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

"ጠዋት ቤት የሚመዘግበው ሰውዬ ቢሮ ገባሁ" አለች። "ፎቶውን አየና 'ማንበብ ትችያለሽ?' አለኝ። እችላለሁ አልኩት። በኩራት! ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ታቅፌ የጎልማሶች ትምህርት የተመላለስኩት ለምን ሆነና? 'በይ ዓመቱን አንብቢልኝ' አለ። ሁለት ሺህ ስድስት ብዬ አነበብኩለት። 'ይኸው በራስሽ አፍ ተናገርሽ፤ መስከረም አሥራ ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ ስድስት። የትናንት ቤት ነው' ብሎ ወረወረልኝ። ቤቴን በገዛ አፌ አፈረስኩት፣ አክመል!"

አክመል ግንባሩን ያዘ። "እሱ እኮ የፈረንጅ ነው። ካሜራው ራሱ ነው የሚጽፈው። በእኛ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምህረት ማለት ነው።"

"ታዲያ ሰውዬው ይሄን አያውቅም?"

"ማስተር ፕላን ሲያገላብጥ የሚውል ሰው የፈረንጅ ዓመት ይጠፋዋል? ያውቃል። ማወቅ አልፈለገም እንጂ።"

ተረፈች ነጠላዋን ፈታ መልሳ አጠበቀችው። ፊቷ ጠቆረ።

"ማሎ፣ እባክሽ አትናደጂ" አለ አክመል። "ፋይሉ እኔ ጋ አለ። ቁጥሩን አጥፍቼ 11/05/1998 እጽፍልሻለሁ። ያው እውነቱ አይደል? አሥር ደቂቃ አይፈጅም።"

የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ስምንት ተኩል። ቤት ያሉት ሦስት ልጆቿ ታወሷት።

"ጻፍ" አለች።

አክመል ስልካቸውን ይዘው ፎቶ ሊማሩ ለሚመጡ ወጣቶች ማስረዳት ስለለመደ አፉ አላርፍ አለው። "ተመልከቺ፣ ዝም ብሎ መሰረዝ ሞኝነት ነው፤ ጠባሳው ይታያል። ከጎኑ ያለውን ቀድተሽ ታለብሺዋለሽ። ደግሞ ብርሃኑ ከሚመሳሰል ቦታ ነው የሚቀዳው። ከጥላ ቀድተሽ ፀሐይ ላይ ከለጠፍሽ ሕፃን ልጅም ይነቃብሻል።"

"ይነቃል?"

"እኔ ከሠራሁት አይነቃም።"

"ከነቃስ? እውነተኛ ፎቶ ይዤ ሄጄ በሐሰት ማስረጃ ልታሰር? እሱ አጣሞ አንብቦ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ለማቃናት ሌባ ልባል?"

"አዴ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።" ፎቶውን ጎተተና አሰፋው። ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው ጣት አከሉ። የመጀመሪያው ጠፋ። "ይኸው፣ ጭዱን ቀዳሁት፣ አለበስኩት፣ አለቀ።"

"ምኑን?"

"ጭዱን። ቁጥሩ ያረፈው ጭድ ላይ ነው።"

ተረፈች ባንኮኒው ላይ ተንጠራራች። ይሄን ፎቶ አሥር ዓመት ሙሉ ስታይ የምታየው ደገፋን ነበር፤ ቀጥሎም የቤቱን ቆርቆሮ። ከቤቱ ጎን ያለውን አውድማ ልብ ብላው አታውቅም። ግማሹ የተወቃ የጤፍ ክምር፣ ዙሪያውን የተበተነ ጭድ፣ የነጣ ሣር።

"በመስከረም ጭድ?" አለች በቀስታ። ከዚያ ጮኸች። "በመስከረም ጤፉ ማሳው ላይ ገና አረንጓዴ ነው! ደጄ ጭቃ ነው! በመስከረም ሲወቃ ማን አየ? አክመል፣ ካሜራው አንድ ብሎ የጻፈው ወር መስከረም ካልሆነ ወሩ የእኛ አይደለም። ወሩ የፈረንጅ ከሆነ ዓመቱ የማን ሊሆን ነው?"

አክመል ያጠፋውን ቁጥር መለሰው።

"እንዳትነካው። አሳድገህ አትምልኝ፤ ጭዱ አንድ በአንድ ይታይ።"

"ቀለሙን ላድምቀው?"

"ምንም አትጨምርበት!"

ማተሚያው እያጓራ ከክንዷ የሚረዝም ወረቀት አወጣ። አክመል ሊጠቀልለው ሲል ቀማችውና ወደ ሰውዬው ቢሮ ልትመለስ በመዝጊያው ስር ወጣች።

በረንዳው ላይ መሣሪያ ያነገቡ ፖሊሶች ቆመዋል። አንደኛው፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣ መንገዷን ዘጋ።

"ቁሚ! ምንድን ነው የያዝሽው? መፈክር ነው? ገልብጪው!"

ገለበጠችና ፊቱ ላይ ደቀነችው።

ፖሊሱ ተጠጋ። ቁጥሩን አላየውም። ጣቱን ክምሩ ላይ አሳረፈ።

"የጥር ነው?" አለ። "ግማሹን ወቅታችሁ ለበዓል አቁማችሁት ነው?"

ተረፈች ቀና ብላ አየችው።

"የገበሬ ልጅ ነህ?"

ፖሊሱ ጣቱን ከጭዱ ላይ አንሥቶ ወደ መሣሪያው መለሰ፤ በትከሻው ግን ትንሽ ዞር ብሎ መንገዱን ለቀቀላት።