ከባሕር በታች የሚስቱን እጅ የያዘው ሰው

አምስት ደቂቃችሁን ስጡኝ... አንብባችሁ ስትጨርሱ «ጊዜዬን በላኸው» የሚለኝ ሰው አይኖርም።

«እጇን የያዘው ሰውዬ ማነው?»

ተገኝ የጓደኛውን የዋሲሁንን ስልክ ይዞ፣ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ጠየቀው።

ዋሲሁን ስልኩን ነጥቆ ኪሱ ከተተው።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ዋሲሁን ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነው። ሚስቱ እታለም አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ቤታቸው እዚያው ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ የሚባል ሰፈር ነው።

በፈረንጆቹ 2014 የጋብቻቸውን አምስተኛ ዓመት ለማክበር ሁለቱም ኡርላውብ፣ ማለትም የዓመት ፈቃድ፣ ወጡና ካሪቢያን ላይ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ተሳፈሩ።

መርከቡ አንዲት ደሴት ላይ ለአንድ ቀን ቆመ። እዚያ ለጀማሪዎች የባሕር ጠለቃ አለ ተባለ።

ለማታውቁት ላስረዳችሁ... የአየር ሲሊንደር ጀርባችሁ ላይ ታዝላላችሁ፣ በአፋችሁ በያዛችሁት ቱቦ ትተነፍሳላችሁ፣ ከዚያ ዓሣ መሐል ትንሳፈፋላችሁ።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ብቻውን የሚገባ የለም! እያንዳንዱ ሰው ጥንድ ይሰጠዋል። የአንዱ አየር ቢያልቅ ከጥንዱ ሲሊንደር ይተነፍሳል።

በአጭሩ ሕይወታችሁ በጥንዳችሁ እጅ ነው ማለት ነው።

ባልና ሚስት ደግሞ ይጣመራሉ... አይደል? ዋሲሁንም እንደዚያ ነበር ያሰበው።

እታለም ግን አሰልጣኙን ወደ ጎን ወስዳ አናገረችው። ተመልሳ መጣችና...

«አንተ ከአሰልጣኙ ጋር ግባ። እኔ ከረዳቱ ጋር እገባለሁ።»

«ለምን?»

«እንደሱ ይሻላል ዋሲ።»

ረዳቱ ደግሞ... ትከሻው በር የሚያህል፣ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ፈገግታው የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ!

ገቡ።

ዋሲሁን ከዚያ ሁሉ ዓሣ አንዱንም አላየም። ያየው የሚስቱን እጅ ብቻ ነው... በሰውዬው እጅ ውስጥ፣ ጥብቅ ብሎ። ለአንድ አፍታ እንኳን አልተላቀቀም።

ከዚያ በኋላ መርከቡ ላይ አምስት ቀን ሙሉ አላናገራትም።

ፍራንክፈርት ሲደርሱ ልብሱን ሸክፎ ግሪስሃይም ሰፈር፣ ተገኝ ቤት ገባ።

«ፈርታ ይሆናላ» አለው ተገኝ።

«እኔስ? ማንም ሳይዘኝ ብቻዬን ስንሳፈፍ አልነበር? እሷን ምን ሆነች ብሎ ነው የሚይዛት?»

«እንግዲህ ሰውዬው መላጣና ቦርጫም ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤትህ ነበርክ።»

«ዝም በል አንተ!»

ቅናት ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳንሰው ልንገራችሁ... ትራም ውስጥ ፀጉሩ ወርቃማ የሆነ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ዋሲሁን ተነስቶ ይቆም ነበር።

በመጨረሻ ለፍቺ ጠበቃ ጋር ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ያዘ።

እታለም ይህን ስትሰማ ሽማግሌ ጠራች። ጡረታ የወጡት ኤርትራዊው አቶ በራኺና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽገ እሁድ ከሰዓት ጋሉስ መጡ።

ዋሲሁንም መጣ... ግን ባዶ እጁን አይደለም። ካሜራማን የቀረጸውንና መርከቡ ላይ የገዙትን፣ እስከዚያች ቀን ማንም ያልከፈተውን የጠለቃውን ዲቪዲ ይዞ ነው።

«አባቴ፣ እኔ ወሬ አላበዛም። ማንም ሳይዘኝ ነው የጠለቅኩት። እሷ ግን እጇን ለማን እንደሰጠች በዓይንዎ ይዩና ይፍረዱ።»

«ዋሲ ተው... በሰው ፊት አትክፈተው» አለች እታለም።

«ይኸው! ፈራች!»

ከፈተው።

መጀመሪያ የታየው ጀልባው ነው። እታለም ጀርመናዊውን አሰልጣኝ በጀርመንኛ ስታናግር ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል...

«ባለቤቴ ከሊቢያ ሲሻገር ጀልባቸው ተገልብጦ ባሕር ላይ አድሯል። ውሃ ይፈራል፤ ግን እፈራለሁ ብሎ አይነግርዎትም። እባክዎ እርስዎ ራስዎ ይያዙልኝ። ግን ከኋላ ይሁን... እንዳያውቅ፣ በሰው ፊት እንዳያፍር።»

«እርስዎስ? ከዚህ በፊት ጠልቀዋል?»

«እኔ ዋናም አልችል። ግድ የለም፣ ለኔ ረዳትዎ ይበቃኛል።»

ቪዲዮው ወደ ውሃው ወረደ...

ዋሲሁን እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይንሳፈፋል። አሰልጣኙ ደግሞ ከኋላው ሆኖ ሲሊንደሩን ጨብጧል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው!

እታለም የረዳቱን እጅ አንቃ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ዓይኗ ግን ሰውዬው ላይ አይደለም... አንገቷን ጠምዝዛ የምታየው ባሏን ነው።



አቶ በራኺ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ... ማንም አልያዘኝም ብለኸን ነበር እኮ።»

«እኛስ ለማን ልንፈርድ ነው የመጣነው?» አሉ ወይዘሮ ጽገ።

ዋሲሁን ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን መንቀል አቃተው። «እታለም... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከመግባትህ በፊት ብነግርህ ፈሪ አልሽኝ ብለህ ትጣላኝ ነበር። ከወጣን በኋላ ልነግርህ ነበር... አንተ ግን ፊትህን አዞርክ። አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብለህ አልጠየቅከኝም። ዝም ብለህ ፈረድክብኝ።»

ዋሲሁን ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«ተነስ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ነገ ጠዋት ለጠበቃው ደውለህ ሰርዝ። እኔ ግን ገና አልበረደልኝም፣ እወቀው።»

ወዳጆቼ... ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ይህን ነው። የሚቀና ሰው ዓይኑ ፊቱ ያለው ነገር ላይ ይተከላል። ከኋላው ማን እንደያዘው፣ ማን አደራ ብሎ እንዳስያዘው ግን አይታየውም። ዋሲሁን በሚስቱ ላይ ማስረጃ ብሎ ያመጣው ዲቪዲ የእሷ ምስክር ሆነ።

እናንተ እታለምን ብትሆኑ በዚያች ቀን ይቅር ትሉት ነበር? ወይስ ሽማግሌዎቹን አመስግናችሁ በሩን ታሳዩት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ግን ከመጻፋችሁ በፊት... ስልኩን አስቀምጡና ወደ ባለቤታችሁ ሂዱ። «ለእኔ ብለህ ያደረግከው፣ እስከ ዛሬ ያልነገርከኝ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዛሬውኑ ሞክሩት!