ሙሉ ዓረፍተ ነገር

«ጋሼ፣ ኧረ ቀስ! ማን አባረረዎት?»

የምትጮኸው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የቡድኑ የመጨረሻ ሯጭ። እግሬን ሰብሰብ አድርጌ እጠብቃታለሁ። ያለፈውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ ፈተና የወደቅኩት በዚሁ አመሌ ነው። ጀማሪዎቹን መናፈሻው በር ላይ ጥዬ፣ የሚከተለኝ ሰው መኖር አለመኖሩን እንኳ ሳላይ፣ ብቻዬን ዞሬ መጣሁ። ብቻዬን መሮጥ ለምዶብኛል።

ዛሬ ድጋሚ ነው። ፈታኟ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በብስክሌት ትከተለናለች። ፊሽካው ከተነፋ አበቃ፤ ቡድኑ ለሌላ አሰልጣኝ ይሰጣል። ካለፍኩ ግን የኔ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚጠብቁኝ ሰዎች ይኖሩኛል ማለት ነው። ፈቃዱን የፈለግኩት ለዚህ ነው፣ ምን እደብቃለሁ።

የጀማሪዎች አሰልጣኝ መሣሪያው ወሬ ነው። አጠገባቸው እየሮጥክ ታወራቸዋለህ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከመለሱልህ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቃላቸው ከተቆራረጠ ሁሉም ወደ እርምጃ ይመለሳል። «ማውራት ያቃተው ሰው ያየ እጁን ያንሳ» ብዬ ዛሬ ስንጀምር ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ሥልጠናው ላይ ይህን ስሰማ ግን ሳቄ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እቤት የማወራው ከማንቆርቆሪያው ጋር ነው፤ እሱም ካልፈላ አይመልስም።

«ሰሞኑን ምን እየሰፋሽ ነው?» እላታለሁ፣ ከእርምጃዋ ጋር እየተስተካከልኩ።

«የሙሽራ ቀሚስ! ሙሽሪት በየሳምንቱ ትወፍራለች፣ እኔ በየሳምንቱ እተረትራለሁ። እሷን ነበር እዚህ ማምጣት!»

ከፊት ያሉት ይስቃሉ። ትንፋሽ ሞልቷታል። ፈታኟ ጠጋ ብላ ታዳምጣለች፤ ደስ ይለኛል።

«እርስዎስ ጋሼ፣ አሁን ሲመለሱ ቁርስ የሚያቀርብልዎ ማን አለ?»

ምን ከባድ ነገር አለው? ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው ነው።

«እኔ...» እላለሁ። «ባለቤቴ...» በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ ጭርታ ፊቴ ድቅን ይላል፤ ማታ የበላሁበት ሰሃን እዚያው እንዳስቀመጥኩት ነው። «አሁን... እሷ...» ብዬ የቀረውን እውጠዋለሁ። በዚህ ፍጥነት ግማሽ ቀን ብሮጥ አይደክመኝም።

ልብስ ሰፊዋ አየት ታደርገኝና እጇን ከፍ ታደርጋለች።

«ወደ እርምጃ!» ትላለች ጮክ ብላ። «አሰልጣኛችን ማውራት አቅቷቸዋል!»

አለቀልኝ፣ እላለሁ በልቤ። ከኋላዬ የብስክሌቱ ፍሬን ሲጮህ እሰማለሁ። ዞሬ ለማየት ወኔው የለኝም። ከፊት የነበሩት ሩጫቸውን ትተው እስክንደርስባቸው ቆመዋል፤ ማንም ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ልብስ ሰፊዋ ከእርምጃዬ ጋር ትስተካከላለች፤ እኔ ቅድም እንዳደረግኩላት።

«ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ትለኛለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ትንሽ እንሄዳለን። ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል።

«ስትስቅ» እላለሁ፣ «ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ እኔም አፍሬ መስኮት እዘጋ ነበር።»

«ይኸው፣ ትንፋሽዎ ተመለሰ» ትላለች። እንሩጥ ግን አትልም፤ የቀረውን ትጠብቃለች። ፈታኟም ከብስክሌቷ ወርዳ፣ እየገፋች ከኋላችን ትመጣለች፤ ፊሽካው እንደተንጠለጠለ ነው።