የቤታችን ማዕዘን

ልጅቱ የደብተሯን ጥግ በሩ ላይ ገጥማ አየችና ተስፋ ቆረጠች።

"አባዬ፣ በሩም ተንጋዷል። መምህራችን ከቤታችሁ አንድ ቀጤ ማዕዘን ፈልጉ፣ ነገ ታሳያላችሁ ብላናለች። የኛ ቤት ደግሞ ዙሪያውን ክብ ነው።"

ከግንብ ሥራ የተመለሰው አባቷ እግሩን ሊታጠብ እንዳጎነበሰ ቀረ። ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። እዚሁ አንኮበር፣ አምስተኛ ክፍል ሳለ፣ እሱም ተጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ መምህሩ "አንተ ቤት የለህም እንዴ?" ብለው ክፍሉን አሳቁበት። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደም፤ እንደወጣ ቀረ። ሳቁ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። የሰው ቤት ማዕዘን ሲያወጣ ሃያ ዓመት ኖሮ፣ የራሱ ያው የአባቱ ክብ ቤት ነው።

ከምሰሶው ላይ ማዕዘን የሚያወጣበትን የሥራ ገመዱን አወረደ፤ በእኩል ርቀት የተቋጠረ፣ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ገመድ ነው። "ሁለቱን ጫፍ አጋጥመሽ ያዢ" አላት። ከእሷ ሦስት ክፍል ቆጥሮ በእግሩ አውራ ጣት ረገጠ፤ ከዚያ አራት ቆጥሮ በእጁ ወጠረው። የቀረው አምስት ወደ እሷ ተመለሰ። በሌላ እጇ የደብተሯን ጥግ እግሩ ሥር አስጠጋች። ልክክ አለ።

"ይኸው ቀጤ ማዕዘን" አለች ፊቷ በርቶ። ወዲያው ደግሞ፣ "ግን አባዬ፣ ነገ ማን ይረግጥልኛል?"

ክፍሉ ከሳቀበት ቀን ወዲህ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቶ አያውቅም፤ ለወላጅ ስብሰባ እንኳ የምትሄደው እናቷ ናት። አውራ ጣቱን ከገመዱ ላይ አነሳና ገመዱን ጠቅልሎ ሰጣት።

"እግሬን ይዤ እመጣለሁ" አላት።